ከጆሮ ሥር የሚሰማ ሕመምና «ቋ» የሚል መንጋጋ፦ ከኮምቦልቻ ለቀረበ ጥያቄ የጥርስ ሐኪም ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂዋ የ31 ዓመት ሴት ሲሆኑ ኮምቦልቻ ውስጥ በልብስ ስፌት ፋብሪካ በማሽን ላይ ይሠራሉ። ከዓመት በፊት ጀምሮ አፋቸውን ሲከፍቱ በቀኝ በኩል ከጆሮ ፊት ለፊት «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰሙ ነበር፤ ካለፉት አራት ወራት ወዲህ ግን ድምፁ ላይ ሕመም ተጨመረበት። ሕመሙ ጠዋት ሲነሡና ከሥራ ሲወጡ ይብሳል፤ ወደ ጆሮና ወደ ራስ ቅል ጎንም ይዘልቃል። የጆሮ ጠብታና አንቲባዮቲክ ታዝዞላቸው ለውጥ አላገኙም። ቀጥሎ በዚያው በኩል የታችኛው የኋላ ጥርሳቸው ተነቀለ፤ ሕመሙ ግን አልለቀቃቸውም። በቅርቡ ደግሞ አንድ ጠዋት አፋቸው በግማሽ ተይዞ ከቆየ በኋላ ሲያሹት «ቋ» ብሎ ተከፈተ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ጫት እንደሚቅሙ፣ ከ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህም እንቅልፋቸው እንደተረበሸ ጨምረው ጽፈዋል። የሚጠይቁት አራት ነገር ነው፦ ሕመሙ የጆሮ ነው ወይስ የጥርስ? ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል? አንድ ወጌሻ «እመልሰዋለሁ» ስላሉ ልሂድ? አንድ ክሊኒክ ጥርሶቼ ተሞርደው ካልተስተካከሉ አይድንም ስላለኝ ልስማማ?

የጻፉልኝን ስመዝነው ሕመሙ የጆሮም የጥርስም አይመስለኝም፤ የመንጋጋ መገጣጠሚያና የማኘኪያ ጡንቻዎች ሕመም ነው። ይህንን በእጁ ዳስሶ የሚያረጋግጥ ሐኪም እንደሚያስፈልግ የታወቀ ነው፤ ሆኖም እስከዚያ ድረስ ጥርስዎን አያስሞርዱ፣ ሌላ ጥርስ አያስነቅሉ፣ ወጌሻውም ዘንድ አይሂዱ። ቀዶ ሕክምና በእርስዎ ደረጃ ላለ ሰው የሚታሰብ አይደለም። ለዚህ ሕመም ከሚሰጡት ሕክምናዎች አብዛኞቹ ቀላልና ቢተዉ ምንም ጠባሳ የማያስቀሩ ናቸው፤ ጉዳት የሚያስከትሉት በትዕግሥት ማጣት የሚደረጉት የማይመለሱ ሥራዎች ናቸው፤ ለዚህም ነው ከማብራሪያው በፊት ይህንን ያስቀደምኩት።

የመንጋጋ መገጣጠሚያ የሚገኘው ከጆሮ ቀዳዳ ወደ ፊት፣ ጣት በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ጣትዎን እዚያ አሳርፈው አፍዎን ቢከፍቱ የታችኛው መንጋጋ ራስ ወደ ፊት ሲንሸራተት ይሰማዎታል። አፍ መከፈት ሲጀምር የአጥንቱ ራስ በቦታው ይዞራል፤ በሰፊው ሲከፈት ደግሞ ከጉድጓዱ ወጣ ብሎ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የቀኙና የግራው መገጣጠሚያ በአንድ አጥንት የተያያዙ ስለሆኑም አንዱ ያለ ሌላው ሊንቀሳቀስ አይችልም። በዚህ አጥንትና በራስ ቅል መካከል ቀጭን ግን ጠንካራ ዲስክ አለ። ዲስኩ ከቦታው ጥቂት ወደ ፊት ቀድሞ ሲገኝ፣ አፍ በሚከፈትበት ጊዜ የአጥንቱ ራስ ተመልሶ ዲስኩ ሥር ሲገባ ያ የሚሰሙት ድምፅ ይፈጠራል።

ድምፁ ብቻውን በሽታ አይደለም። ምንም የማያማቸው፣ ያሻቸውን የሚበሉ፣ አፋቸውንም በሚገባ የሚከፍቱ እጅግ ብዙ ሰዎች መንጋጋቸው ቋ ይላል፤ ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹም ዕድሜያቸውን ሁሉ ሳይታመሙ ይኖራሉ። ስለዚህ ዓመት ሙሉ ሳያምዎት የተሰማው ድምፅ አያስጨንቅዎ። ከዳኑ በኋላ እንኳ ድምፁ ሊቀር ይችላል፤ ድምፁን ለማጥፋት ተብሎ ብቻ ገንዘብ ማውጣት በእኔ አስተያየት ከንቱ ነው። ትኩረት የሚሹት ሕመሙና ያ የአንድ ጠዋት መያዝ ናቸው።

ጆሮዎን የሚያምዎት ለምን እንደሆነ ማወቅ ከብዙ ጠብታ ያድንዎታል። ለመገጣጠሚያው ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ለጆሮ መግቢያና ከጆሮ በላይ ላለው የራስ ቅል ጎንም ቅርንጫፍ ይልካል፤ ስለዚህ መገጣጠሚያው ሲታመም አንጎል ሕመሙን ከጆሮ እንደመጣ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ጆሮዎ ፈሳሽ ካላወጣ፣ መስማትዎ ካልቀነሰ፣ ሐኪም በመሣሪያ ሲያየው ታምቡሩ ንጹሕ ከሆነ፣ ሕመሙም ሲያኝኩና ሲያዛጉ የሚብስ ከሆነ፣ የጆሮ በሽታ ነው ለማለት የሚያበቃ ነገር የለም። በአካባቢያችን እንደሚደረገው የጤና አዳም ጭማቂ ወይም የሞቀ ዘይት ጆሮ ውስጥ መጨመር ደግሞ ጤነኛውን ጆሮ ማሳመም ነው። «ብርድ መትቶኝ ነው» የሚለውም ደሴ ላይ በየቀኑ የምሰማው ነው፤ ብርድ ጡንቻን ስለሚያኮማትር የነበረውን ሕመም ሊያባብሰው ይችላል እንጂ ይህንን ሕመም ከምንም አያመጣውም።

ጥርሱም የተነቀለው በተመሳሳይ ማሳሳት ነው። ጥርስ ስንነክስ ጉንጭ ላይ ጉብ የሚለው ትልቁ የማኘኪያ ጡንቻ ሲታመም ሕመሙን ወደ ታችኞቹ የኋላ ጥርሶች ይልካል። የጥርስ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በቀዝቃዛ ወይም በትኩስ ነገር ይነሣል፣ ጥርሱ ሲመታ ለይቶ ያሳውቃል፣ ጥርሱ ሲደነዝዝም ይቆማል። ጥርሱ ደንዝዞ ሕመሙ ካልቆመ ምንጩ ሌላ ቦታ ነው፤ ከመንቀል በፊት ይህ ቀላል ፈተና ሊደረግ ይገባል።

ወደ መንስኤው ልለፍ፤ የሕክምናው ቁልፍ ያለው እዚህ ነውና በዚህ ላይ ጥቂት እቆያለሁ። ጤነኛ ሰው የላይኛውና የታችኛው ጥርሱ የሚነካካው ሲያኝክና ሲውጥ ብቻ ነው፤ ይህም በቀን ውስጥ ተደምሮ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በተረፈው ጊዜ ከንፈር ተገጥሞ ጥርስ ለየት ብሎ ያርፋል። በአትኩሮት የሚሠራ ሰው ግን፣ በተለይም እንደ እርስዎ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሣ ሰዓት ቆጥሮ ምርት የሚያስረክብ ሰው፣ ሳያውቀው ጥርሱን ገጥሞ ይውላል። ግጥሚያው ብርቱ መሆን አይጠበቅበትም፤ ባዶ ጀሪካን በተዘረጋ ክንድ ቀኑን ሙሉ እንደያዘ ሰው፣ ጡንቻውን የሚያደክመው ክብደቱ ሳይሆን አለማረፉ ነው። አንገት ወደ ፊት ቀልሶ መዋል የአንገትና የመንጋጋ ጡንቻዎችን ውጥረት ይጨምራል። ክር በጥርስ መበጠስ የሚባለው የሰፊዎች ልማድ ካለብዎ ደግሞ እርሱ ራሱን የቻለ ጫና ነው፤ የፊት ጥርስ ለመግጠም መንጋጋው ወደ ፊት መውጣት ስላለበት በእያንዳንዱ ብጥሻ መገጣጠሚያው ይጎተታል።

የሌሊቱ ማፋጨት ሌላው ነው። ጠዋት ሕመሙ መባሱ፣ አፍዎም የተያዘው ከእንቅልፍ ሲነሡ መሆኑ፣ በእንቅልፍ ልብ ጥርስ እንደሚያፋጩ ወይም እንደሚነክሱ ይጠቁማል፤ አብሮዎት የሚተኛ ሰው ካለ ይጠይቁ። ጭንቀትና የተቆራረጠ እንቅልፍ ይህንን ያባብሳሉ። ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በነካ ጊዜ ብዙዎቻችን ያለፍንበት ነገር በሥጋም ላይ ምልክቱን ይተዋል፤ እንዲህ ያለ ታካሚ ሲመጣ ስለ እንቅልፉና ስለ ስጋቱ መጠየቅ የጥርስ ሐኪምም ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ሌሊት የሚያባንን ሕልምና የማይለቅ ስጋት ካለብዎ ለዚያ ለብቻው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማማከር ከመንጋጋው ሕክምና እኩል ዋጋ አለው። ለድባቴ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ፍሉኦክሰቲን፣ ማፋጨትን ሊያመጡ ስለሚችሉ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ በራስዎ ውሳኔ ግን አያቋርጡ።

ስለ ጫት በግልጽ እንነጋገር። በወሎ ጫት ከዱዓውም ከጨዋታውም ጋር የተሳሰረ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይህንን የምጽፈውም ለመውቀስ አይደለም። ለመንጋጋው ግን ጉዳቱ ድርብ ነው። በአንድ በኩል፣ ለሰዓታት በአብዛኛው በአንድ ጉንጭ ብቻ ማኘክና የታኘከውን እዚያው ማቆየት የዚያን ወገን ጡንቻና መገጣጠሚያ ያለ ዕረፍት ያሠራዋል። በሌላ በኩል፣ በጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ አነቃቂ ስለሆነ ቅሚያው ካለቀ በኋላም ጥርስ ያስነክሳል፣ እንቅልፍም ያሳጣል። እንቅልፍ ያጣው ሰው ደግሞ ሌሊቱን ጥርሱን ሲነክስ ያድራል። ቢያንስ ለስምንት ሳምንት ሙሉ በሙሉ ቢያቆሙት እመርጣለሁ። «በግራ በኩል እቅማለሁ» የሚለው መፍትሔ አይሆንም፤ ከላይ እንዳልኩት ግራው ሲሠራ ቀኙም አብሮ ይንቀሳቀሳል።

ሕክምናው የሚጀምረው እንግዲህ ከዕረፍት ነው። «ከንፈር ተገጥሞ፣ ጥርስ ተለያይቶ» የሚለውን አቀማመጥ ይለማመዱ፤ የምላስዎን ጫፍ ከላይኛው የፊት ጥርስ ኋላ ላንቃ ላይ ካሳረፉት ጥርስ በራሱ ይለያያል። ልማድ በአንድ ቀን ስለማይለወጥ አስታዋሽ ያስፈልጋል፤ ለእርስዎ የታች ክር በቀየሩ ቁጥር ጥርስዎ ተገጥሞ እንደሆነ መፈተሽ የተሻለ አስታዋሽ ይመስለኛል፤ ሥራው ራሱ ያስታውስዎታልና። ክር የሚቆርጡበት መቀስ ደግሞ ከእጅዎ አይለይ።

ምግብ ላይ እንጀራ ፍትፍት፣ ሽሮ፣ ገንፎ፣ አጥሚት፣ ሩዝና በደንብ የበሰለ አትክልት ለዚህ ሕመም የሚመቹ ናቸው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ሸንኮራ አገዳና ማስቲካ ለጊዜው ይቅሩ። ማስቲካ «መንጋጋን ያላላል» ተብሎ ለአንዳንዶች ሲመከር እሰማለሁ፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። በትልቅ ጉርሻ አፍን በሰፊው መክፈትም መገጣጠሚያውን ስለሚፈትነው፣ አጉራሹን ሳያስቀይሙ ትንሽ እንዲያደርግልዎ ይለምኑት። ሲያዛጉ በእጅዎ አገጭዎን ከታች ደገፍ ያድርጉ። በሆድ መተኛትና መንጋጋን በመዳፍ ደግፎ መቀመጥም ይቅር።

በሙቅ ውኃ ተነክሮ የተጨመቀ ፎጣ ጉንጭና የራስ ቅል ጎን ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ያስቀምጡ። ከሙቀቱ በኋላ ጡንቻው ላላ ስለሚል ጉንጭዎን በጣት ጫፍ ክብ እየሠሩ በቀስታ ያሹ፤ ከዚያም ምላስዎን ላንቃ ላይ እንዳሳረፉ፣ ድምፁ እስከሚመጣበት ሳይደርሱ፣ አፍዎን ስድስት ጊዜ ያህል በዝግታ ይክፈቱና ይዝጉ። እንቅስቃሴው ማሳመም የለበትም፤ «ካላመመ አይድንም» የሚለው አስተሳሰብ ለዚህ መገጣጠሚያ አይሠራም። ፊዚዮቴራፒስት ማግኘት ከቻሉ የአንገቱንም እንቅስቃሴ አብሮ ያስተምርዎታል።

ከመድኃኒት፣ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም እርግዝና ከሌለብዎ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒትም የማይወስዱ ከሆነ፣ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ ጋር ከአንድ ሳምንት እስከ አሥር ቀን መውሰድ ይቻላል። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ የሚወሰድ አይደለም፤ በጾም ወይም በረመዳን ከሆኑ ከሚመገቡበት ሰዓት ጋር እንዲገጥም አድርገው ጊዜውን ከፋርማሲ ባለሙያው ጋር ያስተካክሉ። አይቡፕሮፌን የማይስማማዎት ከሆነ ፓራሲታሞል አለ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም። ሕመሙ ከሦስት ወር አልፎ እንቅልፍ የሚነሣ ሲሆን ሐኪም አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን፣ ከ10 ሚሊ ግራም ጀምሮ፣ ማታ ማታ ሊያዝ ይችላል፤ በዚህ መጠን የሚሰጠው ለሕመሙ እንጂ ለአእምሮ በሽታ አይደለምና ወረቀቱ ላይ የመድኃኒቱን ስም አይተው አይደንግጡ። አንቲባዮቲክ ለዚህ ሕመም ምንም ጥቅም የለውም፤ እዚህ የሚገደል ተሕዋስ የለም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ በቂ መሻሻል ካልታየ፣ ወይም ጥርስዎ በማፋጨት እየተበላ መሆኑ ከታየ፣ ማታ የሚደረግ የጥርስ መሸፈኛ ይጨመራል። ከጥርስዎ ላይ ልክ ተወስዶ ከጠንካራ አክሪሊክ (የፕላስቲክ ዓይነት) የሚሠራ፣ በአንደኛው ረድፍ ያሉትን ጥርሶች በሙሉ የሚሸፍን መሆን አለበት። ጥቂት ጥርሶችን ብቻ የሚሸፍነው ዓይነት ለረጅም ጊዜ ሲደረግ የተቀሩት ጥርሶች እንዲንቀሳቀሱና ግጥሚያው እንዲዛባ ሊያደርግ ይችላል፤ ከሱቅ የሚገዛው ለስላሳ ደግሞ አንዳንዱን ሰው ይበልጥ ያስነክሰዋል። መሸፈኛው ማፋጨትን ሁልጊዜ አያስቆምም፤ ጥርስን ከመበላት ያድናል፣ በብዙ ሰው ላይም የጡንቻውን ጫና ያቀላል።

ስለ መሞረዱ የተነገረዎት ነገር ረጅም ታሪክ አለው። ጄምስ ኮስተን የሚባል አሜሪካዊ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1934 የኋላ ጥርስ የጎደላቸው ሰዎች መንጋጋቸው ከልክ በላይ ስለሚዘጋ በጆሮ አካባቢ ያሉ አካላትን ይጫናል፣ የጆሮና የራስ ሕመሙም ከዚያ ይመጣል ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ በአስከሬን ላይ የተደረጉ የአካል ጥናቶች ይህ መጫን እንዳለ አላረጋገጡም፤ ነገር ግን «ግጥሚያው ከተስተካከለ ሕመሙ ይድናል» የሚለው እምነት በጥርስ ሕክምና ውስጥ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ቆየ። ዛሬ ያለው ማስረጃ ጤነኛ ጥርስን መሞረድ ይህንን ሕመም እንደሚያድን ወይም እንደሚከላከል አያሳይም። የተሞረደ የጥርስ ሽፋን ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። አዲስ ሙሌት ወይም ዘውድ (ጥርስ ላይ የሚደፋ ሽፋን) ከፍ ብሎ ተሠርቶ ከሆነ እርሱን ማስተካከል ተገቢ ነው፤ ያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ወጌሻን በተመለከተ፣ ለተወለቀ ትከሻ የታወቁ ጎበዝ እጆች እንዳሉ አልክድም። የእርስዎ መንጋጋ ግን አልወለቀም። መንጋጋ ሲወልቅ አፍ ተከፍቶ ይቀርና መዝጋት ያቅታል፤ ይህም በሐኪም አውራ ጣት በኋላ ጥርሶች በኩል ወደ ታችና ወደ ኋላ ተገፍቶ ይመለሳል፤ ሳይዘገይም ጤና ተቋም መሄድን ይጠይቃል። በእርስዎ ላይ የሆነው መክፈት ማቃት ነው። የታመመ መገጣጠሚያን በኃይል መሳብ ጅማቱን ይለጥጣል፣ ዲስኩንም ይበልጥ ሊያፈናቅለው ይችላል።

ይህ መያዝ ዲስኩ ለጊዜው መንገድ መዝጋቱን ያሳያል። አንድ ጊዜ ሆኖ በቀላሉ ከተከፈተ፣ ከላይ የተጻፈው ይበቃዋል። መጠኑን ራስዎ መከታተል ይችላሉ፦ ጤነኛ ጎልማሳ ከ40 ሚሊ ሜትር በላይ፣ ማለትም ሦስት ጣቱን ደርቦ በቁሙ ማስገባት እስኪችል ድረስ አፉን ይከፍታል። ድምፁ በድንገት ጠፍቶ አፍዎ ከሁለት ጣት በላይ አልከፈት ካለና በጥቂት ቀን ውስጥ ካልተመለሰ ሳይቆዩ ይታዩ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚደረግ ሕክምና ከዘገየው ይልቅ ቀላል ነው። በዚህ ደረጃ በእንቅስቃሴ ሕክምና ያልተሻለው ሰው አካባቢው ደንዝዞ በሁለት መርፌ መገጣጠሚያው ይታጠባል፤ ይህም ቢላዋ የሚነካው ቀዶ ሕክምና አይደለም። እዚያ የሚያደርስ ከሆነ ከጤና ጣቢያ ወደ ደሴ ሪፈራል፣ ከዚያም አስፈላጊ ሲሆን የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ወዳለበት እንደ የካቲት 12 ወዳለ አዲስ አበባ የሚገኝ ሆስፒታል ይላካሉ። ተራ ራጅ አጥንትን እንጂ ዲስክን አያሳይም፤ ዲስክን የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው። ይሁን እንጂ ውጤቱ ሕክምናውን የማይለውጥ ከሆነ በራስዎ ወጪ አስቀድመው አይነሡት።

የሚከተሉት ካሉ ግን ከዚህ በላይ የጻፍኩትን ይተዉና ፈጥነው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ትኩሳት፣ የፊት ወይም የአንገት እብጠትና መዋጥ ማቃት ከጥርስ የተነሣ መግል ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሌሊትም ቢሆን አይታደርበትም። ከቁስል በኋላ መንጋጋ ገጥሞ አልከፈት ማለትና የሰውነት መወጠር የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ምልክት ነው። ዳገት ሲወጡ የሚመጣና ሲያርፉ የሚተው የመንጋጋ ሕመም፣ በተለይ ከደረት መጨነቅና ከላብ ጋር፣ የልብ ነው። ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሲያኝክ መንጋጋው እየደከመ የሚያመውና አዲስ የራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ያለበት ከሆነ በራስ ቅል የደም ሥር ብግነት ዓይኑ እንዳይጠፋ በዕለቱ መታየት አለበት። የፊት መደንዘዝ፣ የማይጠፋ እጢ፣ ምክንያት የሌለው ክብደት መቀነስና ከአደጋ በኋላ የጥርስ ግጥሚያ መለወጥም እንዲሁ ናቸው። በጻፉልኝ ውስጥ ከእነዚህ አንዱም የለም።

የተነቀለው ጥርስ ቦታ ቀርቷል። ለማኘክ ሲባልና ጎረቤት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ እንዳያዘነብሉ መተካቱ ተገቢ ነው፤ ሕመሙን ያድናል ብለው ግን አይጠብቁ፣ በዚያ ተስፋ ውድ ሥራም አያሠሩ። ሕመሙ ጸጥ ካለ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ቢጀመር ይሻላል፤ አፍ ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ የሚቆይበት ማንኛውም የጥርስ ሥራ የታመመውን መገጣጠሚያ ይቀሰቅሰዋልና። በዚያን ጊዜም ለሚሠራልዎ ሐኪም መንጋጋዎ እንደሚያምዎት አስቀድመው ይንገሩት፤ ቀጠሮውን ወደ አጫጭር ጊዜያት ይከፋፍልልዎታል፣ በሥራ መካከል አፍዎን ዘግተው እንዲያርፉ ያደርጋል፣ በሌላኛው በኩልም በጥርሶችዎ መካከል መደገፊያ ላስቲክ ያስገባልዎታል።